የአባቴን ማሽን ልጣለው ወይስ ላሠራው?

ጥያቄ፦ ሰላም ነው አቦ! ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። አባቴ በ1996 ዓ.ም. እዚሁ ታይዋን የሚባለው ገበያ የገዛው የሆም ቲያትር ሪሲቨር አለኝ። አምስት ስፒከርና አንድ ትልቅ ሰብዉፈር አለው። እስካሁን አሪፍ ነበር። አሁን ግን የፊት ግራው ስፒከር እየጠፋ እየመጣ አስቸገረኝ። ቮሊዩም ስጨምር ወይ ከላይ መታ ሳደርገው ይመለሳል። በዚያ ላይ አዲስ ፎርኬ ቲቪ ገዛሁ፤ ቀይና ነጭ የድምፅ ቀዳዳ የሚባል ነገር የለውም። አንዱ ሻጭ «ጣለውና 1200 ዋት ሙሉ ሴት ውሰድ» አለኝ። ሌላው ያገለገለ ሪሲቨር አሳየኝ። ኪሴን ታውቀዋለህ። የቱን ልግዛ?
የሳቢያኑ አንባቢ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የስሙን ነገር እንጨርስ። ታይዋን ገብተህ «ሪሲቨር» ካልክ የሚያወጡልህ የዲሽ ነው። «የሆም ቲያትር አምፕሊፋየር» በል፤ አለበለዚያ ግማሽ ቀንህ በማስረዳት ያልቃል።

ብር ከማውጣትህ በፊት ግን የአምስት ደቂቃ ሥራ አለህ። ማሽኑን አጥፋና ከሶኬት ንቀለው። ከኋላው የፊት ግራና የፊት ቀኝ ስፒከር ገመዶችን አቀያይር፣ ከዚያ አብራው። አሁንም የሚጠፋው ያው ግራ በኩል የቆመው ስፒከር ከሆነ ማሽኑ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ስፒከሩ ወይ ገመዱ ጋ ነው። ጥፋቱ ወደ ቀኙ ስፒከር ከዞረ ግን ነገሩ ማሽኑ ውስጥ ነው።

እኔ ማሽኑን ነው የምጠረጥረው። ስታበራው ትንሽ ቆይቶ «ቀጭ» ይላል አይደል? ያ ሪሌይ ይባላል። ድምፁን ወደ ስፒከሮቹ የሚለቅ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ በለው። ይህን ያህል ዓመት ሲሠራ ውስጡ ያሉት መገናኛዎች ይጠቁራሉ፣ ዝግ ያለ ድምፅ አላሳልፍም ይላሉ፣ ቮሊዩም ስትጨምር ወይ ስትመታው ግን ይለቃሉ። ያንተ ምልክት ቁርጥ እሱን ነው የሚመስለው። የላላ ብየዳም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ቢሆን የማሠሪያው ዋጋ ከማሽን መግዣ ጋር አይነጻጸርም። ራስህ ግን እንዳትከፍተው፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይቆያል።

ይሄን የምለው ተቃጥዬበት ነው። የኔም እንዲሁ ሲያደርገኝ አንድ ሠሪ ጋ ወሰድኩት፣ «ቦርዱ ሞቷል» አለኝ፣ እኔም አምኜ ለስፔር በማይረባ ዋጋ ሸጥኩት። የገዛኝ ልጅ በሳምንቱ ከዚራ ሻይ ቤት አገኘኝና «አቦ፣ ሪሌይ ብቻ ነው የቀየርኩት፣ እንደ አዲስ ይጮሃል» ብሎኝ አረፈው። ሻዩን ግን ከፍሎልኛል።

ከዳነልህ አዲሱ ቲቪ አያስጨንቅህ። ከቲቪው ኋላ «ኦፕቲካል» የተጻፈባት ትንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ፈልግ፣ ብዙ ጊዜ ቀይ ብርሃን ትታይባታለች። ያንተ ዘመን ዶልቢ ዲጂታል (የየስፒከሩን ድምፅ ለየብቻ የሚያደርሰው አሠራር) ማሽኖችም አብዛኞቹ የኦፕቲካል መግቢያ አላቸው። ቀጭኗን ገመድ ገዝተህ ማገናኘት ነው። ከዚያ የቲቪው የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ግባና «ፒሲኤም» የሚለውን ወደ «ዶልቢ ዲጂታል» ቀይር። ፒሲኤም ላይ ከተውከው በኦፕቲካል የሚመጣው ሁለት ቻናል፣ ማለትም የግራና የቀኝ ድምፅ (ስቴሪዮ) ብቻ ነው፤ የኋላዎቹ ስፒከሮች ለጌጥ ይቀመጣሉ። የዲሽ ቻናል ላይ የኋላዎቹ ዝም ቢሉ ግን አትደንግጥ፣ አብዛኛው ከመነሻውም ስቴሪዮ ነው።

አልዳነም እንበል። ያን ጊዜ እኔ ብሆን ያገለገለውን ነው የምወስደው።

«ፎርኬ ቲቪ ስላለህ ፎርኬ የሚያሳልፍ ማሽን ያስፈልግሃል» ይሉሃል። አያስፈልግህም። ዲሹንም ጌሙንም በቀጥታ ቲቪው ላይ ሰካ። ከቲቪው ወደ ማሽኑ አንድ የኤችዲኤምአይ ገመድ ብቻ ይሂድ፣ ኤአርሲ በሚባለው መንገድ። ምስሉ ቲቪው ጋ ይቀራል፣ ድምፁ በዚያች ገመድ ተመልሶ ማሽኑ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ገንዘብህን ለምስል አትክፈል። ኤአርሲ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ማሽን ኤችዲኤምአይ ቢኖረውም ይሄ የለውም። ማሽኑን አዙረህ «አውት» ከሚለው ቀዳዳ አጠገብ «ARC» የሚሉትን ሦስት ፊደላት ፈልግ። ከሌሉ ዋጋውን አስቀንስና በኦፕቲካል ተጠቀም፣ ወይ ተወው።

ኪስህ ትንሽ ሰፋ ካለ ከርካሾቹ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡት ሶኒ ኤስቲአር ዲኤች 590 እና ያማሃ አርኤክስ ቪ 385 ጥሩ ናቸው። ሁለቱም ባለ አምስት ቻናል ናቸው፣ አራት አራት የኤችዲኤምአይ መግቢያ አላቸው፣ ፎርኬም ያሳልፋሉ። ላንተ ስፒከሮች ከበቂ በላይ ናቸው።

አሁን ወደ 1200 ዋቱ እንምጣ። ይሄ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሁሉም ቻናል ድምር ነው፣ ያውም ለቅጽበት በተለካ ጉልበት፣ ድምፁ እየተበላሸ። ደህና ፋብሪካ እንኳ ሁለት ቁጥር አለው፦ ያማሃ ቪ 385 አንድ ቻናል ብቻ ሲነዳ 100 ዋት ይባላል፣ ሁለቱ አብረው ከወፍራም እስከ ቀጭን ድምፅ ሲለኩ ግን ለእያንዳንዳቸው 70 ነው። ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው የቱ እንደሆነ አንተው ገምት። ደግሞም ዋቱን እጥፍ ብታደርገው ጆሮህ የሚያገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል ነው፤ «ትንሽ ጨመረ» የሚባል ነገር። በሳሎን ልክ ፊልም ስታይ ማሽኑ በአብዛኛው የሚያወጣው ጥቂት ዋት ነው።

የዚያ ሙሉ ሴት ሌላው ጣጣ ስፒከሮቹ ቀላል ፕላስቲክ መሆናቸው ነው። ብዙ ጊዜ መሰኪያቸው የራሱ ዓይነት ነው፣ ያባትህን ስፒከሮች አይቀበልም። ማሽኑ ሲሞት ስፒከሮቹም አብረው ይቀበራሉ። ያባትህ ስፒከሮች ግን ደህና ከሆኑ ገና ሌላ ማሽን ይሸኛሉ። ጀርባቸው ላይ 8 ወይም 6 ኦም (የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም ልክ ነው) የሚል ካየህ ምንም ችግር የለም። 4 ከሆነ ርካሽ ማሽን ላይ አትሰካው፣ ያግላል።

ስለ ግለት ከተነሳ፣ የኛ አገር ፀሐይ ለማሽን አታዝንም። ስንት ቤት ገብቼ አይቻለሁ፦ ከላይ ዳንቴል፣ በዳንቴሉ ላይ የዲሽ ሪሲቨር፣ በሪሲቨሩ ላይ የአርቲፊሻል አበባ። ማሽኑ የሚተነፍሰው በዚያ በኩል ነው እኮ! ከላዩ አንድ ስንዝር ክፍት ተውለት፣ ዳንቴሉን ሶፋው ላይ አድርገው። እናትህ ከተቆጡ እኔ ነኝ ያልኩት በል። መብራት ሲጠፋም ከዲቫይደሩ ንቀለው፤ ተመልሶ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃለህ።

ለመግዛት ስትሄድ አንድ ስፒከርህንና ገመድ ይዘህ ሂድ። ሻጩ ቢስቅብህ ይሳቅ። ማሽኑ ሃያ ደቂቃ ይብራ፣ አምስቱም ቻናል ላይ እየቀያየርክ ስማ፣ ቮሊዩሙን ዝቅ አድርገህም ስማ፤ ያንተን በሽታ የያዘ ማሽን የሚታወቀው ዝቅ ሲል ነው። የራሱ ሪሞት ከሌለው ብዙዎቹ ሜኑ ውስጥ አያስገቡህም፣ እሱን ሳታይ ብር አትቁጠር። የስፒከሮቹን ድምፅ ለክቶ የሚያስተካክለው ማይክ ከጠፋ ግን ግድ የለም፤ ከመቀመጫህ እስከ እያንዳንዱ ስፒከር በሜትር ለክተህ በእጅ ታስገባዋለህ።

ጥያቄ፦ ሐረር ጁገል ነኝ። ወንድሜ ከአሜሪካ የሆም ቲያትር ሪሲቨር ላከልኝ። የስልኩ ቻርጀር ከዚያው መጥቶ እዚህ በደንብ ይሠራል። ሪሲቨሩንም እንዲሁ ልሰካው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትሰኪው! ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንዲቀበል ተደርጎ ነው የተሠራው። ሪሲቨሩ ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ብቻ ካለ የኛ 220 ፊውዙን ይበላዋል፣ ከባሰም ትራንስፎርመሩን። 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዢ። እዚያው ጽሑፍ ላይ ማሽኑ ስንት ዋት እንደሚወስድ አለ፣ የዚያን እጥፍ የሚችል ይሁን። ከ60 ይልቅ በ50 ኸርዝ ሲሠራ ትንሽ ሞቅ ስለሚል አየር አትንፈጊው።

የተለጠፈ ወረቀት ካለበትም በጥፍርሽ ነካ አድርጊው። እኔ አንዴ «220» የሚል ስቲከር ያለበት ማሽን ገዝቼ፣ ልሰካው ስል የስቲከሩ ጠርዝ ተነስቶ አየሁና ስልጠው ከሥሩ 120 ወጣ። ከጥፍሬ በቀር ማንም አላዳነኝም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፦ አንዳንዱ የአሜሪካ ማሽን ኤፍኤሙ ላይ ከነጥብ በኋላ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ጣቢያዎች ብቻ ነው የሚያቆመው። የምትወጂው ጣቢያ በ.4 ወይም በ.8 የሚያልቅ ከሆነ እየዘለለ ያልፈዋል። ተበላሽቷል ብለሽ ወንድምሽን እንዳታስጨንቂው።