ጥያቄና መልስ፦ አሸዋ፣ ዘንዶ እና የክርስትና ስም

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሳይንሳዊ ልብ ወለድና ስለ ፋንታሲ፣ ማለትም አስማትና ዘንዶ ስላለበት ልብ ወለድ፣ ናቸው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቧቸው።

«ዱን» የሚባለውን ልብ ወለድ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ገጽ 50 ላይ አቆምኩ። ቃላቱ አልገባ አሉኝ። ችግሩ እኔ ጋ ነው?

አይደለም። ደራሲው ፍራንክ ኸርበርት አንባቢውን በረሃ ላይ አውርዶ ዞር ይላል። መጨረሻው ላይ የቃላት መፍቻ አለ፤ ብዙ ሰው የሚያገኘው መጽሐፉን ከጨረሰ በኋላ ነው። ዐረብ አገር ኖረው ከሆነ ደግሞ ግማሹ ሥራ አልቋል፤ «ማህዲ»ን የመሰሉ ቃላት ከዐረብኛ የተወሰዱ ናቸው። ተስፋ የቆረጡትም እርስዎ ብቻ አይደሉም። መጽሐፉን ወደ 20 የሚጠጉ አሳታሚዎች መልሰውታል። በ1965 ያወጣው ቺልተን የሚታወቀው በመኪና ጥገና መጻሕፍት ነበር። እስከ ገጽ 100 ይታገሡ፤ ካልያዘዎት ይተዉት።

ከቶልኪን መጻሕፍት «ሆቢት» ይቅደም ወይስ «የቀለበቶቹ ጌታ»?

ሆቢት። አጭር ነው፣ የወጣውም ቀድሞ ነው፤ በ1937።

የጆርጅ ማርቲን ተከታታይ ልብ ወለድ፣ «የበረዶና የእሳት መዝሙር»፣ ስድስተኛው መጽሐፍ መቼ ነው የሚወጣው?

አምስተኛው የወጣው በ2011 ነው። እኔን ተዉኝ።

ፋንታሲ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለእኛ አንባቢ ባዕድ ነው። ለምን ጊዜያችንን ታባክናለህ?

ደብዳቤው አራት ገጽ ነበር፤ ጨምቄው ነው። እሺ፣ እዚህ ላይ እንቀመጥ።

ልጅ ሆኜ አያቴ አንድ ነገር አጥብቃ ታስጠነቅቀኝ ነበር፦ የክርስትና ስምህን ለማንም አትንገር። ስምህን ያወቀ ይደግምብሃል ትለኛለች። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ የወንድሜን ስም እሰጣቸው ነበር። የተደገመ ካለ የደረሰው እሱ ላይ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ የኧርሱላ ለጉዊንን «የኧርዝሲ ጠንቋይ» አነበብኩ፤ የ1968 ሥራ ነው። እዚያ አገር ሰው ሁሉ ሁለት ስም አለው። አንዱ መጠሪያ ነው። ሌላው እውነተኛው ነው፤ የሚነገረው ለሚታመን ሰው ብቻ ነው። ስሙን ያወቀ በባለቤቱ ላይ ሥልጣን ያገኛል። ጌድ የሚባለው ልጅ በትዕቢት ከባድ ጥፋት ሠርቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ሳለ፣ ጓደኛው ይመጣና እውነተኛ ስሙን ይነግረዋል። ያንን ገጽ ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ ቆየሁ። ጓደኛው ምን እንደሰጠው ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። አያቴ ቀድማ አስረድታኛለች። አሁን ባዕዱ ማን ነው?

ክብረ ነገሥትንም ይግለጡ። ሰሎሞን ለንግሥቲቱ ከሰጣት ስጦታ መካከል በአየር ላይ የሚሄድ መርከብ አለ። ታቦተ ጽዮንን ይዘው የመጡት ሰዎች ሠረገሎችም ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብለው ነው የተጓዙት። ክብረ ነገሥትን ፋንታሲ አልክ ብላችሁ እንዳትነሱብኝ፤ አላልኩም። ጆሯችን ለእንዲህ ዓይነት ወሬ አዲስ አይደለም ነው ያልኩት። ብዙውን አንባቢ የሚያባርረው ዘንዶው ሳይሆን እንግሊዝኛው ነው። ተርጓሚዎች፣ የት ናችሁ?

የ13 ዓመት ልጄ የዘንዶ መጽሐፍ ይዞ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አይተኛም። አእምሮውን አይጎዳውም?

ዘንዶው አይጎዳውም፤ እንቅልፍ ማጣቱ ግን ይጎዳዋል። የሚያነበው በስልክ ከሆነ ስልኩ እርስዎ ጋ ይደር። ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ግን እንደ ዋዛ የጻፉት ነገር አለ፦ መብላት ቀንሷል፣ ከጓደኞቹም ተለይቷል። ይህን በመጽሐፉ አያሳብቡ። ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፤ በዚህ ሳምንት። «ዕድሜው ነው፣ ያልፋል» ብለው አይጠብቁ። ስለ መንፈሳዊው ስጋትዎ የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ፤ እዚያ ውስጥ እኔ አልገባም።

ፊዚክስ አልተማርኩም። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ መጻፍ እችላለሁ?

ሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን»ን ስትጀምር 18 ዓመቷ ነበር፤ የሳይንስ ተማሪም አልነበረችም። ለሮኬቱ ሒሳብ አንድ የፊዚክስ መምህር ጠይቅ። ይልቅ በላክልኝ ምዕራፍ ውስጥ መንኮራኩሯ ሦስት ጊዜ ትነሳለች፤ አንድም ጊዜ አታርፍም።