ጥያቄና መልስ፦ ፀሐይ የሚችል ኢምፔሸንስ

በረንዳዬ ላይ የተከልኩት ኢምፔሸንስ የሚባለው አበባ ቀትር በሆነ ቁጥር ይጠወልጋል። ውሃ ብጨምርለትም አልተሻለውም። (ከድሬዳዋ)

መጀመሪያ ውሃውን ይቀንሱ። ማታ ላይ ተመልሶ ቀና የሚል ከሆነ የጠወለገው በሙቀት ነው፤ ቅጠሉ የሚያተነውን ያህል ሥሩ አላደረሰም። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ይክተቱ፤ እርጥብ ከሆነ አያጠጡ። በእርጥብ አፈር ላይ ውሃ ሲደራረብበት ግንዱ ከሥሩ ጠቁሮ ይበሰብሳል፤ እዚያ ከደረሰ አይድንም።

ዋናው ነገር ግን ዝርያው ነው። ዋለሪያና የሚባለው፣ አበባው ትንሽና ጠፍጣፋ የሆነው፣ የጥላ ተክል ነው፤ ሁለት ሦስት ሰዓት የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል። አበባው ተለቅ የሚለው ኒው ጊኒ የተሻለ ብርሃን ይችላል፣ የቀትርን ግን አይወድም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚቆመው የጃፓኑ የዘር ኩባንያ ሳካታ ያወጣው ሰንፔሸንስ ነው። እሱን ካገኙ ስፋቱ 30 ሴንቲሜትር በሆነ ማሰሮ አንድ ብቻ ይትከሉ፤ ሥር እስኪሰድ፣ ሁለት ሳምንት ያህል፣ አፈሩ እንዳይደርቅ በየቀኑ ይከታተሉት። ካላገኙ ያለዎትን ወደ ምሥራቅ በኩል ያዙሩት። ጥቁር ፕላስቲክ ማሰሮ ሥሩን ስለሚያግል ነጣ ያለ ይምረጡ።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ረገፈ፣ የቀረው ባዶ ግንድ ነው። ማዳበሪያ አንሶት ይሆን? (ከቨርጂኒያ)

ቅጠሉን ገልብጠው ይዩ። ጀርባው ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ሻጋታ ካለ ዳውኒ ሚልዲው ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በ2011 እና 2012 እ.ኤ.አ. ዋለሪያናን ከብዙ ግቢ ያስወጣው ይኸው በሽታ ነው። ማዳበሪያ ምንም አይፈይድለትም። ከነሥሩ ነቅለው፣ የረገፈውንም ቅጠል ለቅመው፣ በላስቲክ አስረው ይጣሉት፤ ብስባሽ ውስጥ ፈጽሞ አይክተቱት። ቦታው ላይ ሰንፔሸንስ ወይም ኒው ጊኒ ይትከሉ፤ በሽታው እነሱን እምብዛም አይነካም። የግድ ዋለሪያና ካሉ በሽታውን እንዲቋቋሙ የተዳቀሉትን ቢከንን ወይም ኢማራን ይፈልጉ። ውሃ በጠዋት፣ ከሥር እንጂ ከላይ አያፍስሱ፤ ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ማደር የለበትም።

ከጎረቤት ቅርንጫፍ ቆርጬ ማራባት እችላለሁ?

ዋለሪያናና ኒው ጊኒ በቀላሉ ይይዛሉ። አበባ የሌለበትን ጫፍ 8 ሴንቲሜትር ያህል፣ ከአንጓው ዝቅ ብለው በስለት ይቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል አንስተው በእርጥብ አሸዋ ይትከሉት፤ ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ ከላይ ይድፉበት፣ ክዳኑን ግን ይክፈቱት። ጥላ ውስጥ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆይ። በውሃም ሥር ያወጣል፤ ችግሩ ያ ሥር ተሰባሪ መሆኑ ነው፣ 2 ሴንቲሜትር ሲደርስ ወደ አፈር ያዛውሩት። ሰንፔሸንስ ላይ ግን የአዳቃዩ መብት ስላለ ማራባት የተከለከለባቸው አገሮች አሉ፤ አሜሪካ አንዷ ናት።

ኢምፔሸንስ ከእንሶስላ ጋር ይዛመዳል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ እህትማማች ናቸው። እጅና እግር የሚሞቅበት እንሶስላ ኢምፔሸንስ ቲንክቶሪያ ነው፤ ቀለሙ ከሥሩ ይወጣል። የደጋ፣ የጥላና የእርጥበት ተክል ስለሆነ ቆላ አይውሰዱት። በበጋ ላዩ ቢደርቅ ሞተ ብለው አይንቀሉት፤ ሥሩ አፈር ውስጥ ክረምትን ይጠብቃል።

ቅጠሉ ለምለም ነው፣ አበባ ግን የለም።

ዩሪያ እየጨመሩለት ከሆነ ይተዉ። ብርሃንም ይጨምሩለት።

ሰማያዊ ኢምፔሸንስ የሚል ዘር ኢንተርኔት ላይ አየሁ። ልግዛ?

አይግዙ። ነጭ፣ ሮዝ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ሐምራዊ ሞልቷል፤ ጥርት ያለ ሰማያዊ ግን በእነዚህ የግቢ ዝርያዎች የለም። ከታመነ ሻጭ የዋለሪያና ዘር ካገኙ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል፤ በረጠበ አፈር ላይ በጣት ጫን ያድርጉት እንጂ አይቅበሩት።