ጨረቃ የረገጠው ስፌት

ልጆቼ፣

ኮምቦልቻ ውስጥ ክርና ጨርቅ ስፈትሽ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ስለ ጨረቃ ጉዞ ስታወሩ ልቤ ከሮኬቱ ይልቅ ወደ ልብሱ የሚሄደው ለዚህ ነው።

አፖሎ 11 ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ጨረቃ ላይ ሲያርፍ የአርምስትሮንግና የአልድሪን ስም ዓለምን አዳረሰ። ይገባቸዋል። ልብሳቸውን ማን እንደሰፋው ግን ስንቶቻችሁ ጠይቃችኋል? የሰፉት በአሜሪካ ዴላዌር ግዛት የነበሩ ልብስ ሰፊ ሴቶች ናቸው። የሠሩበት ኩባንያ ቀድሞ የሚታወቀው በጡት መያዣ ነበር። በውድድር ከእሱ የገዘፉትን አሸንፎ ነው ሥራውን ያገኘው።

ልብሱ 21 ድርብ አለው። በስፌቱ ላይ የሚፈቀደው ስህተት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያንሳል። ማሽኑ ሲንጀር ነው! ለሥራው አስተካከሉት እንጂ፣ ደሴ ውስጥ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊዎቻችን ከሚረግጡት ጋር ዘመድ ነው። ከሰፊዎቹ አንዷ ኤልኖር ፎሬከርና ጓደኞቿ አንዳንዱ ቦታ ላይ ሲደርሱ ማሽኑን አንድ አንድ ስፌት ብቻ ያስኬዱት ነበር። አንዲት ስፒል ውስጥ ተረስታ ብትቀር፣ አየር የሚይዘውን ሽፋን ትበሳለች። ከዚያ በኋላ ለባሹ አለቀለት። ስለዚህ ልብሱን በኤክስሬይ ያዩት ነበር።

ጨርቁም የራሱ ታሪክ አለው። ጥር 1959 ዓ.ም. ላይ የአፖሎ ጠፈርተኞቹ ገስ ግሪሰም፣ ኤድ ዋይትና ሮጀር ቻፊ ገና ከምድር ሳይነሱ፣ ልምምድ ላይ እያሉ መንኮራኩራቸው ውስጥ እሳት ተነሳ። ክፍሉ በንጹሕ ኦክስጅን የተሞላ ስለነበር ሊተርፉ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ የልብሱ የውጭ ድርብ በቤታ ጨርቅ ተሠራ። ከመስታወት ክር ተሸምኖ በቴፍሎን የተለበጠ ነው፤ እሳት አይበላውም። ስለዚያ ጨርቅ ባሰብኩ ቁጥር ሦስቱ ሰዎች ይመጡብኛል።

የመንኮራኩሯ ኮምፒውተርስ? እሱም ሽመና ነው። ፕሮግራሙ የተቀመጠው በማሳቹሴትስ፣ ዋልታም ከተማ ፋብሪካ ውስጥ በእጅ በተሸመነ ሽቦ ነው። ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሽቦ ያለበትን መርፌ ይቀባበላሉ። ሽቦው በትንሿ የማግኔት ቀለበት ውስጥ ካለፈ 1፣ በውጭ ካለፈ 0 ነው። አንዱ ቢሳሳት ፕሮግራሙ ተሳሳተ ማለት ነው። መንኮራኩሯ ልታርፍ ስትወርድ ኮምፒውተሩ ሥራ በዝቶበት 1202 የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ሆኖም ራሱን እንደገና አስነስቶ ዋና ዋናውን ሥራ ቀጠለ። እንዲህ እንዲሆን ያሰቡበት ማርጋሬት ሃሚልተን ከመራችው የፕሮግራም ቡድን ጋር የሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። በሽቦ የተሸመነ ፕሮግራም ደግሞ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ቢነሳም አይሰረዝም።

እኛ አገር ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ቀጥቃጩን ቡዳ እያልን ኖርን። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ዛሬም "ትምህርት ካልሆነለት እጅ ሥራ ይማር" ሲባል እሰማለሁ። አትቀበሉት። እናቶቻችሁ ሲፈትሉ የክሩን ውፍረት በጣታቸው ይለያሉ። ይህ ልኬት ነው። የጎደለው በቁጥር መጻፉ ብቻ ነው፤ ያን መጨመር የእናንተ ድርሻ ነው።

ሥራውም ሩቅ አይደለም። የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና መጥቃለች። በላሊበላ ዙሪያ ያሉት ተራሮቻችንም ለትልቅ ቴሌስኮፕ ሲጠኑ ቆይተዋል። ቴሌስኮፕ የሥነ ፈለክ ምሁር ብቻ አያቆመውም። መንገድ ጠራጊ፣ በያጅ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከመስተዋቱ ላይ አቧራ ማንሳት የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

ፊዚክስ የከበዳችሁ፣ አብሽሩ። በዚህ ክረምት ግን አንድ ነገር አድርጉልኝ። ከሰፈራችሁ ሸማኔ ጋር አንድ ከሰዓት ተቀመጡ። በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ድር፣ ስንት ማግ እንዳለ ቁጠሩ። ክሩ ስንት ክብደት ተሸክሞ እንደሚበጠስ ለኩ። ደረቁንም እርጥቡንም ሞክሩ። ውጤቱን ደብተር ላይ ጻፉና ለፊዚክስ መምህራችሁ አሳዩ። የሸማኔውንም ስም ከላይ ጻፉ።