2.5 የተባለው ላፕቶፕ 0.79 ላይ ለምን ይቆማል?

«ላፕቶፔ ላይ 2.50 ጊጋኸርዝ ይላል፣ ታስክ ማናጀር ግን 0.79 ነው የሚያሳየኝ፣ ተሸውጄ ይሆን እንዴ?» ብሎ ለጠየቀው የድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው ይሄ። አቦ፣ መጀመሪያ ተረጋጋ። ባያያዝከው ፎቶ ላይ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 7200ዩ ነው፣ እሱ ደግሞ እውነትም የ2.5 ነው። የሸወደህ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ፕሮሰሰር ሥራ ከሌለው ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ከዚራ ተራ ይዞ ሰው የሚጠብቅ ባጃጅ ቆሞ ነዳጅ አይረግጥም አይደል? ኢንቴል ይሄን ነገር ስፒድስቴፕ ይለዋል፣ ባትሪ ለመቆጠብና ሙቀት ለመቀነስ የተሠራ ነው። አንተ ታስክ ማናጀርን (ማሽኑ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት) ብቻ ከፍተህ ስታየው ማሽኑ የሚሠራው ምንም ነገር የለም፣ ስለዚህ 0.79 ጤና ነው።

መታየት ያለበት ሁለቱ ቁጥር አንድ ላይ ነው፦ ዩቲላይዜሽን (ፕሮሰሰሩ ከመቶ ስንት እጁ ሥራ ላይ እንደሆነ) እና ስፒድ (ፍጥነቱ)። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫን፣ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩን (ፕሮሰሰሩን) ክፈት። አሁን ሥራ አብዛበት፦ ትልቅ ፋይል ዚፕ አድርግ፣ ክሮም ላይ ቪዲዮ በቪዲዮ ክፈትበት። ዩቲላይዜሽኑ 100 አካባቢ ሆኖ ስፒዱም ከ2.5 በላይ ከወጣ ምንም አልሆነም፣ ተኛ። ዩቲላይዜሽኑ 100 ሆኖ ስፒዱ ያው 0.79 ላይ ከተቸነከረ ግን ችግር አለ። ፍጥነቱን እስከ 3.1 የሚያደርሰው ቱርቦ ደግሞ ሙቀቱና ኃይሉ ሲፈቅድ ብቻ የሚመጣ ጭማሪ ነው፣ 2.7 ላይ ቢውል ብልሽት ብለህ አትጨነቅ።

እዚህ ግሩፕ ገና ጥያቄ ሲለጠፍ «ፎርማት አድርገው» የምትሉ ልጆች፣ በፈጠራችሁ ተዉ። ፎርማት አቧራ አያጸዳም።

ሥራ በዝቶበትም ፍጥነቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዝቅ ካለ ጥርጣሬዬ ኃይል ላይ ነው። የአንዳንድ ላፕቶፕ ቻርጀር ክቡ ጫፉ መሀል ላይ ቀጭን መርፌ አለችው። ቻርጀሩ የስንት ዋት እንደሆነ ለማሽኑ የሚነግረው በእሷ ነው። መርፌዋ ከታጠፈች ወይም ቻርጀሩ ፎርጅድ ከሆነ ላፕቶፑ አያውቀውም፣ ሳያውቀው ደግሞ አያምነውም፣ ፕሮሰሰሩን አንገቱን ይዞ ታች ያስቀምጠዋል። አንዳንዴ ባትሪውንም አይሞላም። ቻርጀሩን ንቀልና በባትሪ ብቻ ሞክረው። ፍጥነቱ ካንሰራራ ሌባውን አገኘኸው ማለት ነው።

ሴቲንግ ላይም ፓወር ኦፕሽን ገብተህ የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ መጠን ስንት ላይ እንደተደረገ እይ። 99 ላይ ከሆነ ቱርቦው ጠፍቷል። እኔ ግንቦት ላይ አውቄ ነው 99 የማደርገው፣ ለጽሑፍ ሥራ ቱርቦ ምን ያደርግልኛል፣ ማሽኑም እጄን አያቃጥለኝም።

መጀመሪያ ጥሩ ሄዶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚወርድ ከሆነ ግን ሙቀት ነው፣ ድሬ ላይ ደግሞ አብዛኛው ነገር እሱ ነው። የዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው። እዚያ ሲደርስ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ፍጥነቱን ይቆርጣል። ፋን ቅዝቃዜ አይፈጥርም፣ የክፍሉን አየር ነው የሚያሳልፈው። የክፍሉ አየር 36 ዲግሪ ከሆነ ከምን ጋር ያቀዝቅዘው? ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 አካባቢ። እዚህ ሲያለከልክ የዋለ ላፕቶፕ ሐረር ሲወጣ ጸጥ ይላል፣ ሰዎች «ተሠራልኝ» ይላሉ፣ የሠራው ግን ማንም የለም። ኮር ቴምፕ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫንና እይ፣ ሙቀቱ ከ95 ሲያልፍ ስፒዱ አብሮ የሚወርድ ከሆነ አለቀ፣ ይከፈት።

ሲከፈት ደግሞ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የፋኑ ክንፎች ንጹሕ ይመስላሉ፣ «ምንም የለውም» ተብሎ ይዘጋል። ቆሻሻው ያለው ፋኑ አየሩን ወደሚተፋባቸው ቀጫጭን ብረቶች መግቢያ ላይ ነው። ፋኑን ፈትተህ ስታነሳው በአቧራና በፀጉር የተጠቀጠቀ ግራጫ ንጣፍ ታገኛለህ፣ በወረንጦ ስትይዘው አንድ ላይ ተልጦ ይወጣል። ሳትከፍት ከውጭ በኮምፕሬሰር መንፋት ይሄን ንጣፍ የበለጠ ሊያጠቀጥቀው ይችላል። ከፍተህ የምትነፋ ከሆነም ክንፉን በጣትህ ያዝ፣ አለዚያ ከአቅሙ በላይ ይሽከረከርና ፋኑን ታጣዋለህ። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል የሚቀባው ፔስትም ደርቆ ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ጥረገውና አዲስ ቀባው። እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ አካባቢ ጠይቅ፣ ግን የታሸገውን ምረጥ።

በርጫ ላይ ላፕቶፑን ትራስ ላይ የምታስቀምጡ ደግሞ አለቻችሁ። አየር የሚገባው ብዙ ጊዜ ከሥሩ ነው፣ ጠንካራ ነገር ላይ አድርጉት።

እና ወንድሜ፣ ሥራ አብዝተህበት አንዴ ከቻርጀር ጋር፣ አንዴ ያለ ቻርጀር ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን። ዩቲላይዜሽኑና ስፒዱ ሁለቱም ይታዩ፣ ሙቀቱንም ጻፍልን።