«ቪር-ዛራ»ን ካየሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፣ ለእናቴ ልንገራት ወይስ ልተወው?

ሰላም እህቴ፣ የምጽፍልሽ ከዱባይ ነው፣ ጸጉር ቤት ነው የምሰራው። ክፍል የምትጋራኝ ህንዳዊት ልጅ «ቪር-ዛራ»ን ከፈተችልኝና ሁለታችንም ስናለቅስ አመሸን። እ.ኤ.አ በ2004 የወጣው የሻህሩክ ካን ፊልም ነው፣ እሱ ቪር የሚባል የህንድ አየር ኃይል አብራሪ ነው፣ ፕሪቲ ዚንታ ደግሞ የላሆር ልጅ ዛራን ሆና፣ እሷን ብሎ ፓኪስታን ሄዶ ሰላይ ነህ ተብሎ 22 ዓመት ይታሰራል።

እኔን ያስለቀሰኝ ግን የራሴ ጉድ ነው። የምወደው ልጅ የአስመራ ልጅ ነው፣ እዚሁ ነው የተዋወቅነው፣ እንደሱ አይነት ሰው አይቼ አላውቅም። ችግሩ እናቴ ናት። ታላቅ ወንድሟ በ1991 ባድመ ላይ ቀርቷል፣ ፎቶው ግድግዳችን ላይ ነው፣ በቪዲዮ ባወራኋት ቁጥር ከኋላዋ ይታየኛል፣ ያኔ አፌ ይያያዛል። ልጁ ሽማግሌ ልላክ ይለኛል። እኔ ደሞ እንደ ቪር ዝም ብዬ ፍቅሬን በልቤ ይዤ ብቀር ለእናቴም እረፍት ነው፣ እሱም ሌላ ያገባል እላለሁ። እውነተኛ ፍቅር እንደዛ አይደል እንዴ? ምን ትመክሪኛለሽ?

የኔ እህት፣ እኔም ፊልሙን በጣም ነው የምወደው፣ ዘፈኖቹን በተለይ (ዜማዎቹ እ.ኤ.አ በ1975 ያረፈው ማዳን ሞሃን ሰርቶ ሳይጠቀምባቸው የቀሩ ናቸው፣ ልጁ ነው አውጥቶ ለፊልሙ ያበቃቸው)። ግን የቪርን ዝምታ እንዳንቺ አላየሁትም። የዛራ እጮኛ የሰላይነት ወረቀት አቅርቦ ካልፈረምክ የዛራ ህይወት ይበላሻል ሲለው ፈረመ፣ እሺ፣ ትልቅ ፍቅር ነው። ዛራን ግን ማን ጠየቃት? እሱ እስር ቤት ሆኖ አግብታ ወልዳ በሰላም እየኖረች ነው ይላል፣ እሷ ደሞ የሞተ መስሏት አገሯን ትታ ህንድ እሱ መንደር ገብታ ልጆች ስታስተምር ጸጉሯ ሸበተ። እሱ እሷን ሳይጠይቅ ነው ለሷ የወሰነው፣ አንቺም አሁን ለእናትሽም ለልጁም እንደዛው ልትወስኚላቸው ነው። ያቺ ጉዳዩን የያዘችው ጠበቃ ሳሚያ ያን ሁሉ ዓመት ያልተናገረውን ሰውዬ በእውነተኛ ስሙ «ቪር ፕራታፕ ሲንግ» ብላ ስትጠራውና ቀና ሲል አይተሻል አይደል? ከዛ በኋላ ነው ነገሩ ሁሉ መፈታት የጀመረው።

ድንበር ደሞ ሰው አይጠብቅም። የፓኪስታኗ ላሆርና የህንዷ አምሪትሳር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት፣ ግን ሁለቱን አገር የሚያገናኘው ባቡር እ.ኤ.አ በ2019 ቆመ፣ እ.ኤ.አ በ2025 ደግሞ ካሽሚር ውስጥ ከደረሰው የፓሃልጋም ጥቃት በኋላ አታሪ የሚባለው የድንበር መሻገሪያ በር ተዘግቶ ባልና ሚስት የተለያዩ አሉ። የኛም ቢሆን መስከረም 1 ቀን 2011 ዛላምበሳ ሲከፈት ሰው እንዴት እየተቃቀፈ እንዳለቀሰ ታስታውሻለሽ፣ ወራት ሳይቆይ መልሶ ተዘጋ። እናንተ ዛሬ አንድ ከተማ ናችሁ፣ ይሄን ቀላል ነገር አድርገሽ አትይው።

መጀመሪያ ልጁን አንድ ነገር ጠይቂው፣ በዛ ጦርነት ከናንተ ቤት ማን ቀረ በይው። ምናልባት የሱም እናት ግድግዳ ላይ ፎቶ አለ፣ ይሄን ሳታውቂ እናትሽ ጋር አትደውይ። ቀጥሎ ሽማግሌ ሳይላክ ራስሽ ንገሪያት፣ ብቻዋን በሆነችበት ሰዓት፣ ከወንድሟ ጀምረሽ፣ አልረሳሁትም ብለሽ። ብትቆጣ፣ ስልኩን ብትዘጋብሽ እንኳን አትከራከሪያት፣ ሀዘኗ ነው፣ ጊዜ ስጫት፣ ግን «የስራ ጓደኛዬ ነው» ወደሚል ውሸት አትግቢ። ሽማግሌው ከዛ ይደርሳል፣ የሚላከውም ለወንድሟ ለቅሶ ከተቀመጡት የሰፈር ሰዎች አንዱ ቢሆን ጥሩ ነው።