የአሳማ ተቅማጥ፦ ጥያቄዎቻችሁና የሐዋሳው ሐኪም መልሶች

ከታቦር፦ ዶክተር፣ አሳማዎቼን ያስቀምጣቸዋል። ምን ልስጣቸው?

መልስ፦ የስንት ቀን ናቸው? ደም አለው? ስንቱ ታመመ? ይህን ሳላውቅ መድኃኒት አላዝም።

ከቱላ፦ ሁለት ቀናቸው ነው ዶክተር። ደም አለው። ሦስቱ ሞቱብኝ።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። እንዲህ ሲነገረኝ መርዳት እችላለሁ። ዕድሜ ብዙ ይጠቁማል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም ታይቶ ግልገል ቶሎ ከሞተ፣ ክሎስትሪዲየም የተባለውን ባክቴሪያ እጠረጥራለሁ። ውሃ የመሰለ ቢጫ ከሆነ ኢ ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ፤ እሱ ጡት ሲጥሉም ይመጣል። ከ5 እስከ 15 ቀን ባሉት ላይ አንቲባዮቲክ እምቢ ያለው ኮክሲዲያ ሊሆን ይችላል፤ ኮክሲዲያ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋሲ እንጂ ባክቴሪያ አይደለም። በሚደልቡት ላይ ንፍጥና ደም ከተቀላቀለ ብራኪስፓይራ የተባለውን ባክቴሪያ አስባለሁ። ሎሶኒያ የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ ድብቅ ነው፤ አንዳንዴ እድገታቸው ብቻ ይጓተታል።

በዓይን ብቻ ግን አይፈረድም። ናሙና! ገና መታመም የጀመረ፣ መርፌ ያልነካው አሳማ ምረጡ። ትኩስ አይነ ምድሩን በንጹሕ ዕቃ፣ በበረዶ ሣጥን፣ በዕለቱ ላብራቶሪ አድርሱ። የተረፉትን አሙቂያቸው፣ ኦአርኤስ (ለድርቀት የሚሰጠውን የጨውና የስኳር ውህድ) አጠጪ። በሚቀጥለው ወሊድ እንገሩን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይጥቡ። አሳማ በማህፀኗ ለልጇ መከላከያ አታስተላልፍም፤ ያላቸው እንገሩ ነው።

ከአዳሬ፦ ኦክሲ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ወግቼ ተሽሏቸው ነበር፣ አገረሸ። መጠኑን ልጨምር?

መልስ፦ አይጨመርም። ናሙና ብያለሁ።

ከታቦር፦ የሆቴል ትራፊ ነው የሚያመጣው።

ከአዳሬ፦ እኔ ስንት ዓመት ትራፊ አበላለሁ፣ ምንም አልሆኑም።

ከታቦር፦ ታፈላዋለህ?

ከአዳሬ፦ ማገዶው በምን ይቻላል!

መልስ፦ ማገዶ ከመንጋው አይበልጥም። አፍሉት። ሥጋ የነካው ትራፊ የአፍሪካ አሳማ ትኩሳትንም ያመጣል፤ እሱ መድኃኒት የለውም። ትልልቆቹ አተኩሷቸው፣ ቆዳቸው ቀልቶ በድንገት ከሞቱ አትረዱ፣ አትሽጡ። ለወረዳው ሐኪም ንገሩ።

ከመናኸሪያ፦ በረኪና እረጫለሁ፣ በሽታው ግን ይመለሳል።

መልስ፦ ቆሻሻው ላይ ረጭተው ነዋ! መጀመሪያ ይፋቁት፣ በሳሙና ይጠቡት፣ ከዚያ በረኪና፣ ከዚያ ይድረቅ። አንዱ ቡድን ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ሌላ አያስገቡ። አይጥም ያጥፉ፤ ብራኪስፓይራ በአይጥ ውስጥ ይቆያል።

ከአቶቴ፦ ነጭ ሽንኩርት ይረዳል?

መልስ፦ በሱ አትተማመኑ። የታመመውን ለዩ።

ከቱላ፦ ዶክተር፣ አሁን አራተኛው ሞተ። ላምጣው?

መልስ፦ መርፌ ተወግቶ ነበር?

ከቱላ፦ የለም።

መልስ፦ ሙሉውን በላስቲክ ጠቅልለሽ በረዶ ላይ አድርጊና ዛሬውኑ አምጪው። እጅሽን በሳሙና ሳትታጠቢ ምግብ እንዳትነኪ፤ ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ከሆነ ወደ ሰው ይሻገራል።