የድሬዳዋ ሙቀት እና የደንገጎ ዳገት

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በአሮጌ ኮሮላዬ ስጓዝ፣ ደንገጎ ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ይጠጋል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያስቀመጥኩት ስልክም ግሎ ይጠፋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ይበልጥ የሚያሳስበን ሞተሩ ነው። በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ተራ ውሃ፣ ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የመፍያ ነጥቡ በ1 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ዳገቱን ሲወጡ ሞተሩ በእጅጉ በሚደክምበት ሰዓት ውሃው ቀድሞ ለመፍላት ይቃረባል። ስለዚህ ራዲያተሩን በኩላንት (ከተራ ውሃ በላቀ ሙቀት በሚፈላ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ይሙሉ፤ ግፊቱን የሚይዘው ክዳን ላስቲኩ ካረጀ፣ ዋጋው ከሞተር ጥገና ጋር አይወዳደርምና ሳይውሉ ሳያድሩ ይቀይሩት። መለኪያው ቀዩን ከነካ ጥግ ይዘው ያቁሙ፤ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝም ክዳኑን ፈጽሞ አይክፈቱ። ስልኩን ከፀሐይ ማራቅ ይበቃል።